ለጠላት ምሕረት የለመነች እናት

ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በዚህ ዜና መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ በማወጣው የገቢና የወጪ ሠንጠረዥ ነው። ዘንድሮ የአባላት ጽሑፍ ተራው ለእኔ ደረሰኝ። የለመድኩት ቁጥር መደመር እንጂ ቃል መደርደር ስላልሆነ ስህተት ብታገኙብኝ ከወዲሁ አፉ በሉኝ።

የመረጥኩት የአንዲት ሴት የሕይወት ታሪክ ነው። ይህች ሴት ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ሆኗታል ካረፈች። መታሰቢያዋ ነሐሴ 24 ቀን ስለሆነ ይህ እትም በእጃችሁ ሲገባ በዓሏ የደረሰ ወይም ያለፈ ይሆናል። ታሪኩ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ ነው፤ እኔም ያደግሁት በዚያ እምነት ነው። በማኅበራችን ውስጥ ሙስሊም እህቶቻችን ብዙ እንደሆኑ አውቃለሁ። እኛ የድሬዳዋ ሴቶች ግን አንዳችን የሌላችንን በዓል እያከበርን፣ በለቅሶም በሠርግም አንድ ድንኳን ስር እየተቀመጥን ነው የኖርነው። ደግሞም ቂም ሃይማኖት አይመርጥም፤ ከሁላችንም ቤት ይገባል። ስለዚህ ሁላችሁም ብታነቡት ብዬ ነው የጻፍኩት።

ስለ ክርስቶስ ሠምራ ነው የምጽፈው።

ክርስቶስ ሠምራ የተወለደችው በሸዋ ምድር፣ በቡልጋ ነው። አባቷ ደረሳኒ፣ እናቷ እሌኒ ይባላሉ። ስሟ በግእዝ ክርስቶስ የወደዳት፣ ደስ የተሰኘባት እንደማለት ነው። የታሪክ አጥኚዎች በ15ኛው ክፍለ ዘመን የኖረች እንደሆነች ይናገራሉ። ወላጆቿ ሀብት የነበራቸው፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩ ሰዎች ነበሩ። እርሷም በዚያው መንገድ አደገች። ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሠምረ ጊዮርጊስ ለተባለ ሰው ተዳረች፤ ብዙ ልጆችም ወለደች። ቤቷ የሞላ፣ ጎተራዋ ያልጎደለ፣ በርካታ አገልጋዮች የሚታዘዙላት እመቤት ሆነች። ሰው ሲያያት ምንም የጎደላት አይመስልም ነበር።

ብዙዎቻችን ቅዱሳንን የምናስባቸው ከእናታቸው ማኅፀን ጀምሮ ጥፋት የማያውቁ አድርገን ነው። የክርስቶስ ሠምራ ታሪክ ግን እንዲህ አይደለም። የእርሷ የምንኩስና ሕይወት የጀመረው በጥፋት ነው፤ ያውም በከባድ ጥፋት።

ከአገልጋዮቿ አንዷ አንድ ቀን አስቆጣቻት። ገድሏ እንደሚነግረን እመቤቲቱ ንዴቷን መቆጣጠር አቃታትና የሚነድ የእሳት ትንታግ ከምድጃው አንስታ በአገልጋይዋ አፍ ውስጥ ጨመረችባት። አገልጋይዋ ሞተች።

እህቶቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። ከመካከላችን ስንቶቻችን ነን በልጅነታችን ከገጠር መጥተን በሰው ቤት ያገለገልነው? በመደብሩ ሥራ ላይ ያሉት፣ በልብስ ስፌቱ፣ በእንጀራ ጋገራው ቡድን ያሉት እህቶቻችን ብዙዎቹ የተሸከሙት ታሪክ ይኸው ነው። ያቺ አገልጋይ ሲነገር በሰማሁት ታሪክ ሁሉ ስም የላትም። የእመቤቲቱ ስም፣ የባሏ ስም፣ የአባትና የእናቷ ስም ተጽፏል። የእርሷ ግን አልተጽፈም። እኔ ይህን ታሪክ በልጅነቴ ስሰማ ልቤ ከእመቤቲቱ ጋር ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን መጀመሪያ የማስበው ያችን ስም የለሽ ልጅ ነው።

ክርስቶስ ሠምራ ያደረገችውን ባየች ጊዜ ደነገጠች። ሀብታም ነበረችና ነገሩን መሸፈን ትችል ነበር። በዚያ ዘመን ለአንዲት አገልጋይ ደም ማን ይጠይቃታል? ሆኖም አልሸፈነችውም። ወደ እግዚአብሔር አለቀሰች። ይህችን ልጅ ከሞት ካስነሳህልኝ ቤቴን፣ ሀብቴን፣ ያለኝን ሁሉ ትቼ አንተን እከተላለሁ ስትል ተሳለች። ልጅቱም ከሞት ተነሣች ይላል ገድሉ።

ከዚህ በኋላ ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር? ልጅቱ ድናለች፣ ጉዳዩ ተዘግቷል፣ ስለቱንም በጧፍና በዕጣን ማካካስ ይቻላል። እኛ ለቁልቢ ገብርኤል ተስለን ሲሞላልን ስለታችንን ለማድረስ ስንት ጊዜ ነው ለሚቀጥለው ዓመት የምናስተላልፈው? ክርስቶስ ሠምራ ግን ቃሏን አላጠፈችም። የለበሰችውን የክብር ልብስ ትታ ከቤቷ ወጣች። ወደ ደብረ ሊባኖስ ሄደች። ደብረ ሊባኖስ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የመሠረቱት፣ በሸዋ ትልቁ የመነኮሳት ገዳም ነው። በዚያ መነኮሰች። ትናንት ሲያገለግሏት የነበረችው ሴት ራሷ አገልጋይ ሆነች።

ከደብረ ሊባኖስ በኋላ መንገዷ ወደ ሰሜን ሆነ፤ ወደ ጣና ሐይቅ። ጣና የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በደሴቶቹና በዳርቻው ከጥንት ጀምሮ ገዳማት ነበሩበት። በሐይቁ ዳር ጓንጉት በሚባለው ስፍራ ሰፈረች። ገድሏ እንደሚተርከው ወደ ሐይቁ ገብታ እንደ ዓምድ ቆማ 12 ዓመት ጸለየች። ሰውነቷ በውኃው ከመቁሰሉ የተነሣ ዓሣዎች በቁስሏ ቀዳዳ ይገቡና ይወጡ ነበር ይባላል። እኛ ከድሬዳዋ ሙቀት ጋር የምንኖር ሰዎች ውኃ ውስጥ መቆም ደስ የሚል ሊመስለን ይችላል። የደጋ ውኃ ግን ሌሊት አጥንት ይሰብራል።

በእነዚያ ዓመታት የጸለየችው ለራሷ ብቻ አልነበረም። ስለ ኃጢአተኞች፣ በሲኦል ስለሚሠቃዩ ነፍሳት ታለቅስ ነበር። ስታስበው ስታወጣው ስታወርደው አንድ ነገር ገባት። ሰው ኃጢአት የሚሠራው ሰይጣን ስለሚያሳስተው ነው። ሰይጣን ደግሞ ይህን የሚያደርገው ከፈጣሪው ጋር ስለተጣላ ነው። ታዲያ የጠቡ ምንጭ እዚያ ላይ ከሆነ፣ ለምን ከምንጩ አይታረቅም? ሁለቱ ቢታረቁ የአዳም ልጆች ሁሉ ከመከራ ያርፉ አልነበር?

ስለዚህም እስከዚያ ድረስ ማንም ያልለመነውን ልመና ለመነች። ጌታ ሆይ፣ ለዲያብሎስ ማርልኝ፣ ይቅር በለው አለች።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ስሰማ፣ ይህ ደግሞ እንዴት ያለ ጸሎት ነው ብዬ ነበር። ብዙ ሰውም እንዲሁ ይላል። እኛ ጠዋት ስንነሣ ሰይጣንን እንረግማለን፤ ዛር ይሁን ቡዳ፣ የማይሆን ነገር ሁሉ ከእርሱ መጣ እንላለን። ከእርሱ የከፋ ጠላት የለም። እርሷ ግን ክርስቶስ ጠላቶቻችሁን ውደዱ፣ ለሚያሳድዷችሁም ጸልዩ ብሎ ያስተማረውን ትምህርት ወሰደችና እስከ መጨረሻው ጫፍ ድረስ ሄደችበት። ከጠላት ሁሉ የመጨረሻው ጠላት ማን ነው? ብላ ለእርሱ ለመነች። ክርስቶስም ልመናዋን ሰማ፤ እንዲህ ያለ ነገር የለመነኝ የለም ብሎ በርኅራኄዋ ተደነቀ። አልተቆጣትም፤ አትችይም ብሎም አልከለከላትም። እሺ ካለሽ ሂጂና አምጪው ብሎ ቅዱስ ሚካኤልን አብሯት እንዲሄድ አዘዘላት።

በመልአኩ እየተመራች ወደ ሲኦል ደጅ ደረሰች። ሳጥናኤልን በስሙ ጠራችው። ከፈጣሪህ ላስታርቅህ መጥቻለሁና ና ውጣ አለችው። እርሱ ግን በዚህ ቃል እጅግ ተቆጣ። እስከ ዛሬ ስንቶችን ሳስት እንዲህ ብሎ የናቀኝ የለም በሚል ቁጣ እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት። ልታስታርቀው የሄደችው ሴት ራሷ ወደ እሳቱ ገባች።

ይህን ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል ሰይፉን መዞ መታው፤ ክርስቶስ ሠምራንም አወጣት። ስትወጣ ግን ብቻዋን አልወጣችም። በሲኦል የነበሩ ነፍሳት በልብሷና በሰውነቷ ላይ እንደ ንብ ተጣብቀው አብረዋት ወጡ። ቁጥራቸው እልፍ ነበር ይባላል። እልፍ በጥንቱ ቁጥር 10,000 ነው።

ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ይህን ክፍል ነው። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ሥዕሏን ስታዩም ብዙ ጊዜ የምታገኙት ከመልአኩ ጋር ነው። እኔ በዚህ ክፍል ላይ ብዙ አስቤያለሁ፤ ሦስት ነገር አግኝቼበታለሁ።

አንደኛ፣ እርቁ አልተሳካም። ሰይጣን አልታረቀም። ይቅርታ ማድረግ የአንድ ሰው ሥራ ነው፤ እርቅ ግን የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ይቅር ብሎ ሌላው እምቢ ሊል ይችላል። ይቅር ብላችሁ ያኛው ወገን ካልተመለሰ የእናንተ ይቅርታ ከንቱ ሆነ ማለት አይደለም። የክርስቶስ ሠምራ ልመና ያሰበችውን ባያስገኝም እልፍ ነፍሳትን አወጣ። አንድ ሰው ቂሙን ሲተው ጠላቱ ባይለወጥም እንኳ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ የሥራ ባልደረባው ያርፋሉ።

ሁለተኛ፣ ብቻዋን አልሄደችም። ሰይፍ የያዘ መልአክ አብሯት ነበር። ጠላትን መውደድ ማለት እጅን ለሚጎትት ሰው ያለ ጠባቂ መስጠት አይደለም። ይህን የምለው ባሎቻቸው የሚደበድቧቸው እህቶች ይህን ትምህርት በተሳሳተ መንገድ እየሰሙ እንደሚጎዱ ስለማውቅ ነው። ቤት ውስጥ የምትደበደብ ሴት ይቅር በይ ተብላ ወደ ዱላው መመለስ የለባትም። በልቧ ይቅር ልትል ትችላለች፤ በሕግና በዘመድ ጥበቃ ውስጥ ሆና። ክርስቶስ ሠምራን መልአኩ ባያወጣት ኖሮ እዚያው ትቀር ነበር።

ሦስተኛውና ለእኔ የከበደኝ ይህ ነው። ለዲያብሎስ ይቅርታ የለመነችው ሴት በራሷ እጅ ሰው የገደለች ሴት ናት። ይህ የእኔ ሐሳብ ነው፣ ገድሉ እንዲህ ብሎ አልጻፈውም፤ ነገር ግን ያ የእሳት ትንታግ ከዓይኗ የጠፋ አይመስለኝም። በእሳት ሰው ያቃጠለች ሴት በእሳት የሚቃጠሉትን ለማውጣት ሄደች። ራሷ የተማረች መሆኗን ስለምታውቅ ምሕረት የማይደርሰው ሰው አለ ብላ ማመን አልቻለችም።

ክርስቶስ ሠምራ ያረፈችው ነሐሴ 24 ቀን ነው። በጓንጉት በስሟ የተመሠረተው ገዳም እስከ ዛሬ አለ። በየዓመቱ በመታሰቢያዋ ቀን ምእመናን በጀልባም በእግርም ወደዚያ ይጓዛሉ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከሚታወቁት ሴት ቅዱሳን መካከል እንደ እርሷ በሕዝብ ዘንድ የምትወደድ ጥቂት ናት። በየወሩ በ24 ዝክሯን የሚዘክሩ፣ የጽዋ ማኅበሯን የሚጠጡ እናቶች በከተማችንም አሉ።

ስለ ገድሏ አንድ ነገር ልጨምር። ገድሏን በግእዝ ከኢጣሊያንኛ ትርጉም ጋር እ.ኤ.አ. በ1956 በአውሮፓ ያሳተመው ኤንሪኮ ቼሩሊ የሚባል ኢጣሊያዊ ምሁር ነው። ይህ ሰው የአገራችንን ቋንቋና መጻሕፍት ጠንቅቆ ያጠና ነበር። ነገር ግን ምሁር ብቻ አልነበረም። ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በያዘችባቸው ዓመታት የኢጣሊያ ምሥራቅ አፍሪካ ምክትል ገዥ ሆኖ ሠርቷል፤ የሸዋና የሐረር ገዥም ነበር። የዚያ ጊዜ የሐረር ግዛት የእኛን ድሬዳዋን ይጨምራል። ከጦርነቱ በኋላ ኢትዮጵያ በጦር ወንጀል እንዲጠየቁ ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሽን ካቀረበቻቸው አሥር ኢጣሊያውያን ስሙ አንዱ ነበር። ከአሥሩ ማንም በዚያ ክስ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ። እንዲህ ያለ ሰው ተቀምጦ ለዲያብሎስ ምሕረት የለመነችውን ኢትዮጵያዊት ታሪክ ቃል በቃል ተረጎመ። ሲተረጉም ምን ተሰምቶት ይሆን? እኔ አላውቅም። ነገር ግን ጠላታችን የነበረ ሰው የእኛን እናት ታሪክ ለዓለም ማድረሱ ሲገርመኝ ይኖራል።

በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያ 27 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ሲመለሱም ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ፣ ኢጣሊያውያኑን እንዳይበቀል ማዘዛቸውን አስታውሱ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ የተፈጸመው ጭፍጨፋ ገና አራት ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ ብዙ ኢጣሊያውያን በአገራችን ቀርተው መካኒክ፣ ግንበኛ፣ ባለ ጋራዥ ሆነው ኖረዋል። አባቶቻችን ይቅርታውን ያደረጉት በደሉን ረስተው አልነበረም፤ የካቲት 12 እስከ ዛሬ ይታሰባል። ማስታወስና ቂም መያዝ አንድ አይደሉም ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ይህን ታሪክ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በአንድ የንግድ ቤት ውስጥ በሂሳብ ሥራ ተቀጥሬ ነበር። አንድ ወር መጨረሻ ላይ በካዝና ቆጠራ የገንዘብ ጉድለት ተገኘ። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ብሩን ስወስድ እንዳየችኝ ለአሠሪያችን ነገረች። አልወሰድኩም ነበር። ከሥራ ተባረርኩ። አባቴ ለእኔ ብሎ ከዘመድ ተበድሮ ብሩን ከፈለ፤ ዕዳው ሳያልቅ አረፈ። ከዓመት በላይ ቆይቶ ጉድለቱ አንድ የወጪ ሰነድ ሳይመዘገብ በመቅረቱ የመጣ እንደሆነ ታወቀ። ማንም ይቅርታ አልጠየቀኝም። ስሜ በከተማው ተበላሽቶ ስለነበር ሁለት ዓመት ሥራ ሳላገኝ ቆየሁ። የተቀበለኝ ይህ ማኅበር ነው።

ዘንድሮ ለማኅበራችን ከቀረቡት የአባልነት ማመልከቻዎች አንዱ የዚያች ልጅ ነበር። ማን እንደሆነች እንድታውቋት አልፈልግም፤ እባካችሁ አትፈልጉም። ማመልከቻዎቹ መጀመሪያ ወደ እኔ ጠረጴዛ ነው የሚመጡት። ስሟን ሳይ እጄ ቀዘቀዘ። የእርሷን ማመልከቻ ከሌሎቹ ለይቼ በመሳቢያዬ ሥር አስቀመጥኩት። ሦስት ወር እዚያው ቆየ። በእነዚያ ሦስት ወራት ለሌሎቹ መልስ ተሰጠ። እርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ ጠየቀች። ሁለቱንም ጊዜ ጉዳይሽ በሂደት ላይ ነው ብዬ መለስኳት። እኔ የሐሰት ቃል ሥራ ያሳጣኝ ሰው፣ በሐሰት ቃል ከማኅበሩ አስቀረኋት። ለእናንተ እውነቱን መናገር ስላለብኝ ነው ይህን የምጽፈው።

በሰኔ 30 የዓመቱን ሂሳብ ስንዘጋ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሂሳቦችን ለየብቻ እጽፋለሁ። ተሰብሳቢ ማለት ሰው ለእኛ ያለበት ዕዳ ነው፤ ተከፋይ ማለት እኛ ለሰው ያለብን ነው። በዚያ ምሽት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ላይ ያለው የሁለቱ ባለ ዕዳዎች ምሳሌ ትዝ አለኝና ቁጥሩን አሰላሁት። አገልጋዩ ለጌታው ያለበት ዕዳ እልፍ መክሊት ነበር። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ነው፤ አንድ ዲናር የአንድ ቀን የጉልበት ዋጋ ነበር። ስለዚህ ዕዳው የ60 ሚሊዮን ቀን ደመወዝ ይሆናል። ያ ሁሉ ተሰረዘለት። ባልንጀራው ለእርሱ የነበረበት ዕዳ ግን 100 ዲናር፣ የመቶ ቀን ደመወዝ ነው። መቶ ቀን ቀላል አይደለም፤ ከሦስት ወር በላይ ነው፤ በእውነት የሚያም ዕዳ ነው። ምሳሌው ባልንጀራው ምንም አልበደለውም አይልም። የሚለው፣ የተተወልህን አይተህ ያለህን ተሰብሳቢ ተው ነው።

የራሴን ተከፋይ ሂሳብ ስቆጥር አንዲት ልጅ ትዝ አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን የምትይዝልኝ ሠራተኛ ነበረች። ብር ጠፋብኝና እርሷን ጠረጠርኩ። በሰው ፊት ሻንጣዋን አስከፍቼ ፈተሽኩ። ምንም አልተገኘም፤ እርሷም በማግስቱ ሄደች። ብሩን በኋላ በራሴ ኮት ኪስ አገኘሁት። በእኔ ላይ የተደረገውን እኔም በሌላዋ ላይ አድርጌዋለሁ። ልጅቱን ፈልጌ አላገኘኋትም። ስለዚህም ነው ያችን ስም የለሽ አገልጋይ አሁን የማልረሳት።

በማግስቱ ማመልከቻውን ከመሳቢያዬ አውጥቼ ለሰብሳቢያችን ሰጠሁ። ለሦስት ወር የያዝኩት እኔ እንደሆንኩ፣ ምክንያቱንም ነገርኳት። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈልኝ፤ የሚገባኝ ነው። ማመልከቻው በሚታይበት ስብሰባ ላይ አልተገኘሁም። ኮሚቴው በደንባችን መሠረት፣ ቁጠባዋን፣ ዋሶቿንና የሥራ ዕቅዷን አይቶ ወሰነ። ምን እንደወሰነ እዚህ አልጽፍም፤ ማንነቷ እንዳይታወቅ። ከእንግዲህ ማመልከቻዎች በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይቆዩ ሁለት ሰው እንዲመዘግባቸው ተወስኗል። ይህን የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ደጋፊዎቻችንም ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ የምትሰጡንን ገንዘብ የሚጠብቀው የአንድ ሰው መልካም ልብ ብቻ ሳይሆን ሥርዓትም ጭምር ነው።

ይቅር ብያታለሁ ወይ? በአፌ ብያለሁ። ልቤ ግን ገና እየተከተለኝ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚራ አካባቢ መንገድ ላይ ተገናኘን። ሰላም አልኳት፤ ሰላም አለችኝ። ስለ ድሮው ምንም አላነሣችም፤ ምናልባትም አታነሣው ይሆናል። አባቴን ሳስበው አሁንም ዓይኔ ይሞላል። ነገር ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ። ክርስቶስ ሠምራ በጣና ውኃ ውስጥ 12 ዓመት ቆማለች። የእኔ ገና ሁለት ወሩ ነው።

እህቶቼ፣ አዲሱ ዓመት እየመጣ ነው። ጳጉሜን ከመግባቷ በፊት እያንዳንዳችን መሳቢያችንን እንክፈት። ተሰብሳቢ ብለን የያዝነውን ብቻ ሳይሆን ተከፋዩንም እንቁጠር። የበደላችሁት ሰው በሕይወት ካለ ፈልጉት። የበደላችሁን ሰው ደግሞ፣ ጠባቂያችሁን ሳትተዉ፣ በልባችሁ ልቀቁት። እኛ በድሬዳዋ ለዚህ ጥሩ ቃል አለን፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይናገረዋል። እኔ ልጀምር።

ያቺ ልጄን ትይዝልኝ የነበረችው ልጅ ይህን የምታነብ ወይም የሚነበብላት ከሆነ፣ አፉ በይኝ።

እናንተም በምሥጢር ሦስት ወር ላቆየሁት ወረቀት አፉ በሉኝ። መልካም አዲስ ዓመት ይሁንላችሁ።

ከማኅበሩ የሂሳብ ክፍል፣ ድሬዳዋ